ቆመን የጠየቅናት ልጅ

ጋሸና ላይ መንገዱ ሦስት ነው። አንዱ ወደ ወልድያ ይወርዳል፤ አንዱ ወደ ላሊበላ ይታጠፋል፤ ሦስተኛው በቆንና በፍላቂት አድርጎ ነፋስ መውጫን ይይዛል። ነፋስ መውጫ በጎንደር በኩል ያለው የአባቴ አገር፣ የጋይንት ከተማ ነው። በዚያ ዘመን ከኮሌጁ ተልኬ የሰሜን ወሎን ትምህርት ቤቶች ስዞር ጋሸናን ደጋግሜ አልፌባታለሁ፤ ሻይዋን ጠጥቻለሁ፣ አቧራዋን ቅሜያለሁ፣ ከሹፌሮቿ ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። ወደ ሦስተኛው መንገድ ግን ፊቴን አዙሬ አላውቅም። ሻይ ቤት ስገባ እንኳ ጀርባዬን ለእሱ ሰጥቼ ነበር የምቀመጠው።

ሥራዬ ተማሪ መመልመል ነበር። ደቡብ አገር ያለ አንድ የእርሻ ኮሌጅ ለዲፕሎማ ከሚቀበላቸው ተማሪዎች ከፊሎቹን ራሱ እየዞረ ይመርጥ ነበር። እኔ እዚያው ተምሬ እዚያው የተቀጠርኩ ነኝ፤ ቢሮ ውስጥ አንድ ሳምንት ከቆየሁ ደግሞ ከሰው ጋር እጣላለሁ፤ ስለዚህ ዲኑ ደስ እያለው መንገድ ይሰደኝ ነበር። «እግርሽ እንቢ ካለ እግርሽን እናሠራዋለን» ይለኛል። በዚያ ዓመት የተሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነው፦ ከሰሜን ሴቶች አምጪ። መመሪያው ከላይ የወረደ ነው። በየስብሰባው ስለ ሴቶች ተሳትፎ ይወራል፤ ኮሌጃችን ግን ከሰሜን ወሎ አንዲት ሴት ተማሪ እንኳ አልነበረውም።

የምይዘው አንድ ቦርሳ፣ የይለፍ ወረቀቴና አንድ የተጠቀለለ ትልቅ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ላይ በነጫጭ የፈረንጅ ዶሮዎች መሃል ቱታ የለበሰች ልጅ ቆማ ትስቃለች። ያ ሥዕል ያላሳፈረኝበት ከተማ የለም። ወልድያ ላይ አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «ጓድ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት የተማርነው ዶሮ ልንጠብቅ ነው?» ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። ብልጭ አለብኝና፣ «እስካሁን ዶሮዋ ናት አንተን የጠበቀችህ፤ እንቁላሏ ተሸጦ አይደል ደብተር የተገዛልህ?» አልኩት። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። ከዚያ ክፍል ግን አንድም ሰው አልተመዘገበልኝም። አፌ እንዲህ ነው።

ላሊበላ የገባሁት ጥር ውስጥ ነው። የገናው ምእመን ተበትኖ፣ ጥምቀት አልፎ፣ ከተማው ለራሱ ሰው ተመልሶ ነበር። ክፉው ድርቅ ገና አልመጣም፤ ሰው ግን ሰማይ ማየት ጀምሯል። ከጋሸና ያመጣኝ ለቀበሌው ኅብረት ሱቅ ጨውና ስኳር የሚያመላልስ የወረኢሉ ሰው ነው፤ ጢሙ ሸበት ያለ ሙስሊም ሹፌር። በየአቀበቱ እየወረደ ጎማውን ያያል። ከመንገደኛው ሁሉ ጋር ቆሞ የልጁንም የከብቱንም ደኅንነት ይጠይቃል። በመጨረሻ አላስችል አለኝና፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ብንፈጥን ምን አለ?» አልኩት።

«አብሽሪ ልጄ» አለኝ። «ላሊበላ ከተፈለፈለ ጀምሮ የትም አልሄደም።»

ትምህርት ቤቱ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከከፈተ ብዙ አልቆየም። ሴቶቹ በአንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ያልቃሉ። ሥዕሌን ሰሌዳው ላይ ሰቀልኩ፤ የለመድኩት ሳቅ መጣ። ሳቁ ሳይበርድ ከሴቶቹ አንዷ ተነሥታ፣ «ፈንግል አይገባባቸውም?» ብላ ጠየቀች። ፈንግል የዶሮ ወረርሽኝ ነው፤ የእናቷን ዶሮዎች ገብቶ አንድ ሳያስተርፍ ፈጅቷቸው ኖሯል።

«ይገባባቸዋል» አልኳት። «አንዴ ከገባ መድኃኒት የለውም። ቀድሞ መከተብ ግን ይቻላል።»

«እሱን ታስተምራላችሁ?»

«እናስተምራለን።»

ቁጭ አለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። እኔ ግን ያን ቀን የተናገርኩትን ሁሉ የተናገርኩት ለእሷ ብቻ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስገብቶኝ፣ «ጓድ፣ እሷን ይዘሽ ከሄድሽ ሌላውን ተዪው፤ ከክፍሉ አንደኛ ናት» አለኝ። አባቷ ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። «ታዲያ ምን ይጠበቃል?» ብዬ ተነሣሁ። ጊዜ አልነበረኝም፤ የይለፍ ወረቀቴ ቀኑ ሊያልቅ ነው፤ የምሄድባቸው ሌሎች ትምህርት ቤቶችም አሉ። «አባቷ ይጠበቃሉ» አለኝ።

ልጅቷን ከግቢው ወይራ ሥር አገኘኋት። ፈርመሽ ጨርሺ፣ ፈተናውን እንደሆነ ታልፊያለሽ፣ መስከረም ላይ መኪና ላይ መውጣት ነው አልኳት።

«አባቴን ጠይቂልኝ» አለች።

«የምትማሪው አንቺ ነሽ ወይስ አባትሽ?»

መሬት መሬቱን ታያለች። እኔ ደግሞ መሬት የሚያይ ሰው ያናድደኛል። «ስሚኝ» አልኳት፤ «እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴን ሳልጠይቅ ነው የወጣሁት። ይኸው አለሁ፤ ምን ሆንኩ?»

ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። «ከዚያ ወዲህ ተመልሰሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

የቦርሳዬን ማንገቻ ማስተካከል ጀመርኩ።

«እኔ መሄድ ብቻ አይደለም የምፈልገው» አለች። «መመለስም እፈልጋለሁ።»

ተናደድኩባት። እውነት ስለተናገረች ነው የተናደድኩት። የእኔ ነገር እንዲህ ነበር፦ ደብረ ታቦር አክስቴ ቤት ሆኜ ስማር፣ አባቴ ለጎረቤታችን ልጅ ሊድሩኝ ሽማግሌ ተቀብለው፣ እሺ ብለው ጨርሰው ነበር። ፈተናውን ማለፌን የሰማሁ ዕለት ወደ ቤት ሳልዞር በዚያው ወደ ኮሌጅ ሄድኩ። አባቴ ሽማግሌ ፊት ቃላቸው ታጠፈባቸው። በዓመቱ አንድ የአጎቴን ልጅ ልኬ ታረቁኝ አስባልኩ። «ምንም አላሉም፤ ዝም ነው ያሉት» ብሎኝ ተመለሰ። ዝም ካሉ እንቢ ብለዋል አልኩ። ሌላ ሰው አልላክሁም። ከዚያ በኋላ ከተማ ለከተማ፣ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ስዞር ነው ዓመታቱ ያለቁት።

በማግሥቱ ብቻዬን መሪጌታ ቤት ሄድኩ። ከቅዳሴ መልስ ናቸው፤ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደግፈው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው «ግቢ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ፤ ቁጭ አልኩ። እንጀራ ቀረበ፤ በላሁ። ጠላ ተቀዳ፤ ጠጣሁ። ከዚያ ጉርሻዬን ሳልውጥ ነገሬን ጀመርኩ፦ ኮሌጁ፣ ትምህርቱ፣ ማደሪያው፣ ምግቡ፣ ሁሉም በነጻ መሆኑ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ሰሙኝ። ስጨርስ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ዘንድሮ በእናንተ በኩል ዝናቡ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

ስለ ዝናቡ ነገርኳቸው። ስለ በቆሎ ጠየቁኝ፤ ስለ በቆሎ ነገርኳቸው። ነገሬን መልሼ ባነሣው ባለቤታቸው ጠላ ጨመሩልኝ። ልጅቷ ከበሩ አጠገብ ቆማ አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቷን ታያለች። ስወጣ መሪጌታ ደጅ ድረስ ሸኝተው መረቁኝ፤ ስለ ልጃቸው ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ርዕሰ መምህሩና ሹፌሩ ሻይ ቤት ተቀምጠው ሲያወጉ ደረስኩባቸው። ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ፣ «አልቋል፤ እንቢ ብለዋል፤ ነገ እሄዳለሁ» አልኩ።

«እንዴት ብለው እንቢ አሉ?» አለ ሹፌሩ።

«ዝም አሉኝ።»

«መች ጠየቅሻቸው?»

«ምሳ ላይ ነዋ! ቁጭ ብለን እየበላን…»

ሹፌሩ ሻዩ ትን እስኪለው ድረስ ሳቀ። «ተቀምጠሽ? በልተሽ? ታዲያ ምኑን ጠየቅሽው!» አለ። «አይ የተማረ ሰው! የበላ እንግዳ ነው፤ እንግዳ የሚያወራው ወግ ነው። ሰው ልጅ የሚጠይቀው ቆሞ ነው። ነገሩ ካልተሰማለት አይቀመጥም፣ ውኃም አይቀምስም።»

«እኔ ለጋብቻ አይደለም የጠየቅኋት!»

«ልጅት ከቤት ትወጣ የለም እንዴ? ሰው አገር ታድር የለም? ለአባት ምኑ ይለያል?»

ርዕሰ መምህሩም ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ደግሞ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም» አለ። «ልጄ በዛችብኝ፣ ውሰዱልኝ እንደ ማለት ይሆንበታል። ዝም ካለ ተመለሱ ማለት ነው።»

«ዝም ያለ ሰው እንቢ ብሏል» አልኩ፤ ድምፄ ከምፈልገው በላይ ጮኸ። «እኔ ራሴ አባቴ ዘንድ ሰው ልኬ አይቼዋለሁ። ዝም አሉት፤ አለቀ።»

ሹፌሩ ማንኪያውን ከብርጭቆው አወጣ። «ስንት ጊዜ ላክሽ?»

«አንድ ጊዜ።»

«ስንት ሰው?»

«አንድ።»

ሁለቱም ተያዩ። ሹፌሩ መሳቁን ትቶ፣ «አንድ ሰው አንድ ጊዜ ልከሽ ተውሽው?» አለኝ። «የእኔን ነገር እዚያው ተዉልኝ» ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ። ሁለቱም ደግመው አላነሡትም፤ መሄዴን ግን አስተዉኝና ሽማግሌ ሆነው አብረውኝ ሊሄዱ ተስማሙ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ሆነን ሄድን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፦ የቤተሰቡ የነፍስ አባት የሆኑ አሮጌ ቄስ፣ ጥቁር ኮቱን የለበሰው ርዕሰ መምህር፣ ከጭነቱ ተነሥቶ ነጭ ጋቢ የደረበው ሹፌር። እኔን ስለማስከተል ሙግት ነበር። ቄሱ፣ «ሴት ሽማግሌ የት ታይቷል?» አሉ። ሹፌሩ፣ «አባ፣ እሷ ሽማግሌ አይደለችም፤ የሙሽራው ወገን ናት» ብሎ አሳቃቸውና ከኋላ ተከተልኩ።

«ቤት ለእንግዳ። ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ መሪጌታ።

«ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቄሱ።

ቆምን። እኔ አንድ ቦታ መቆም የማልችል ሰው ነኝ፤ አንዴ በቀኝ እግሬ፣ አንዴ በግራ እግሬ እሆናለሁ። ቄሱ ግን አልቸኮሉም። ከአዳም ጀመሩ፤ ልጅ የእግዜር መሆኗን ተናገሩ፤ የቤቱን ክብር አወሱ፤ በመጨረሻ፣ «ልጅዎን ፈልገን መጥተናል» አሉ።

«ለማን ነው የፈለጋችኋት?» አሉ መሪጌታ፤ ነገሩን ከእኔ አፍ ቀድመው እንዳልሰሙት።

ቄሱ ርዕሰ መምህሩን አዩት። ርዕሰ መምህሩ እኔን አየኝ። «ለኮሌጅ ነው» አልኩ።

«ወገኑ ማን ነው? አባቱስ?»

«መንግሥት ነው» አለ ርዕሰ መምህሩ።

መሪጌታ እጃቸውን አሹ። «መንግሥትን እናውቀዋለን» አሉ። «ታላቅ ወንድሟን ወስዶብናል፤ ለግዳጅ ብሎ። እሱን ሲወስድ ሽማግሌ አልላከም። ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሰልንም።»

እናትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ደንግጬ በሩን አየሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ የሚነገርበት ዘመን አልነበረም። ደጅ ማንም የለም። ያን ጊዜ ነው የእኝህ ሰው ዝምታ ምን እንደነበር የገባኝ። ስለ ማደሪያና ስለ ነጻ ምግብ ስለፈልፍላቸው እሳቸው የሚያስቡት አንድ ነገር ብቻ ኖሯል፤ ይህች ደግሞ ትመለስ ይሆን?

«ዘመድ እናማክር። ከእሁድ በኋላ ተመለሱ» አሉ።

የይለፍ ወረቀቴን ርዕሰ መምህሩ አስራዘመልኝ፤ እሁድ ድረስ የቆየሁባቸው ቀኖች ግን ጤና አልነበራቸውም። ከተማዋን ወጣሁባት፣ ወረድኩባት። ሹፌሩ ሌላ ጭነት ይዤ ሰኞ እመለሳለሁ ብሎ ወደ ጋሸና ሲሄድ፣ የመኪናውን ጡሩንባ ስሰማ ቦርሳዬን ይዤ ግማሽ መንገድ ድረስ ሮጬ ነበር። ለምን እንደሮጥኩ እኔም አላውቅም፤ መኪና ሲነሣ እግሬ ይነሣል። ከዚያ የልጅቷ «መመለስም እፈልጋለሁ» ትዝ አለኝና ቆምኩ። ወደ ማደሪያዬ ተመለስኩና ያቺን አስቂኝ ሥዕል ዘርግቼ ቁጭ ብዬ አየኋት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን አፍስሼ እንኳ ለቅሜ አላውቅም፤ አፍስሼ ወደ ሌላ ከተማ ነው የምሄደው።

ሹፌሩ እንዳለው ሰኞ ደረሰ። ማክሰኞ እንደገና ሄደን እንደገና ቆምን። መሪጌታ የልጅቷን አጎት ከጎናቸው አስቀምጠዋል። «ዘመድ መክሯል» አሉ። «ዋሷ ማን ነው?»

ርዕሰ መምህሩ ዋስ የሚሆን መስሎኝ ወደ እሱ ዞርኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ጠበቁኝ።

«እኔ» አልኩ።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

ከዓመታት በኋላ የአባቴን ስም ከነአያቴ ጮክ ብዬ ጠራሁ። አገሬን ስናገር መሪጌታ ፊታቸው በራ። «ጋይንት! ድጓ ያስመሰከርኩበት አገር!» አሉ። «የአገሩን ውኃ ጠጥቻለሁ፣ የሰውን ቁራሽ በልቻለሁ። አባትሽ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው» አልኩ። በሕይወት ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም ነበር።

«እንግዲያው ስሚ» አሉ። «ሙሽራ ሄዳ አትቀርም፤ መልስ አላት። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ለመልስ ታመጫታለሽ። አንቺው ራስሽ። በሰው አትላኪልኝ። ከመንግሥት ጋር አይደለም የተዋዋልኩት፤ ከጋይንት ሰው ልጅ ጋር ነው።»

«አመጣታለሁ» አልኩ።

«በሉ እንግዲህ ተቀመጡ» አሉ። ተቀመጥን። የእናትየዋ እንጀራ ያን ቀን የጣመኝን ያህል ጥሞኝ አያውቅም። ልጅቷ ወጥ ስታቀርብ ዓይኔን አላየችም። የእኔን ጉርሻ ግን ከሁሉም አስበልጣ ጠቀለለችው።

ፈተናውን አለፈች። መስከረም ላይ ወደ ኮሌጁ መጣች። እንዴት እንደተማረች ብዙ አላወራም፤ ቱታው ሰፍቷት፣ የደቡቡ ሙቀት ከብዷት፣ ለብቻዋ እያለቀሰች ተማረች። ዓመቱን ሙሉ ዓይኔ ከእሷ ላይ አልተነሣም። ስታስል እደነግጣለሁ። አንድ ጊዜ ወባ ይዟት ሐኪም ቤት ስትተኛ ከአልጋዋ ሥር አልጠፋም ስላልኩ፣ ነርሷ እኅቷ መሰልኳት። እናትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደረጉበት ነገር ከዓይኔ አልሄድ ብሎ ነው። በዚያ ዓመት ዲኑ ወደ ሌላ አገር ለምልመላ ሊልከኝ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ዘንድሮስ ልቀመጥ» አልኩት፤ ታመምሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ክረምት ሲገባ ይዣት ሄድኩ። ልጅቷ በቀዳዳ ካርቶን ሁለት የተከተቡ ነጫጭ ዶሮዎች ይዛለች። በየኬላው ፈታሹ ካርቶኑን ከፍቶ ሲያይ ዶሮዎቹ ይጮሃሉ፤ መንገደኛው ይስቃል። ያ ሥዕል ነፍስ ዘርቶ የተከተለኝ መሰለኝ። ወልድያ ላይ ያው ሹፌር አገኘን። ጋሸና ስንደርስ እንደ ልማዴ ጀርባዬን ለሦስተኛው መንገድ ሰጥቼ ሻይ ጠጣሁ። ሹፌሩ አየኝ።

መሪጌታ ቤት በር ላይ እናትየዋ ልጃቸውን አቅፈው አንለቅም አሉ። መሪጌታ ዘለግ ያለ ጊዜ ቆመው ልጃቸውን አዩና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ዞረው እኔን ሦስት ጊዜ ሳሙኝ። የወንድሟ ወሬ እንዳልተሰማ ከፊታቸው አውቄያለሁ፤ እኔም አልጠየቅሁም። ቄሱ ተጠሩ፤ ርዕሰ መምህሩ መጣ፤ መልሱ ተበላ። ዶሮዎቹ ከመደቡ ሥር ይንጎራደዳሉ፤ ቄሱም፣ «እነዚህ ደግሞ የሙሽራው ሚዜዎች ናቸው?» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት።

ሳቁ ሲበርድ መሪጌታ፣ «የአንቺንስ መልስ አባትሽ መቼ በሉ?» አሉኝ።

ቀልዳቸው ነው፤ ክፉ አላሰቡም። እኔ ግን ጉርሻውን መልሼ አስቀመጥኩት። እዋሻለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ልጅቷ ታየኛለች። «አልበሉም» አልኩ። «ሳልጠይቃቸው ነው የወጣሁት። አንድ ጊዜ ሰው ልኬ ነበር፤ ዝም አሉ። በሕይወት መኖራቸውንም አላውቅም። ያን ቀን ደኅና ናቸው ያልኩዎት ውሸቴን ነው።» ከዚያ አለቀስኩ። ሰው ፊት ማልቀስ የምጠላውን ያህል የምጠላው ነገር የለም፤ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ማንም አባበለኝ ማለት አልችልም። መሪጌታ ብቻ፣ «እንዲያ ነው እንዴ» አሉ። ወሬው ወደ እርሻ ዞረ።

በማግሥቱ ጠዋት መኪናው ዘንድ ስደርስ መሪጌታ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ገቢናው ውስጥ ተቀምጠዋል። ከሹፌሩ ጋር የከብቱን ደኅንነት እየተጠያየቁ ነው።

«የት ሊሄዱ ነው?» አልኳቸው።

«ጋይንት። ድጓ ካስመሰከርኩ ወዲህ አላየሁትም።»

«እኔ የምሄደው ወደ ወልድያ ነው!»

«ተይ እንግዲህ» አለ ሹፌሩ። «ጭነቴን ጋሸና አራግፌ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ለሽማግሌ አንድ ሰው አይበቃም፤ ሁለት ብንሆን አያምርም?»

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሏል ይኼ ነው! እስከ ጋሸና ድረስ ተጨቃጨቅኋቸው። ማን ላኩልኝ አለ አልኩ። ሥራ አለብኝ አልኩ። የይለፍ ወረቀቴ ለጎንደር አይሠራም አልኩ። ሁለቱ ስለ ዘንድሮው ጤፍ ያወራሉ። ጋሸና ላይ ጭነቱ ሲራገፍ ቦርሳዬን ይዤ ወልድያ የሚሄዱት መኪኖች ዘንድ ቆምኩ። አንዱ ሞተሩን አሙቆ፣ «ወልድያ! ወልድያ!» ይላል። እግሬን አንሥቼ ደረጃው ላይ አደረግሁ። ወደ ኋላ ሳይ መሪጌታ በጭቃው መሃል መቋሚያቸውን ተደግፈው በሦስተኛው መንገድ ዳር ቆመዋል። አልጠሩኝም፤ ወደ እኔም አላዩም። ቆመው ይጠብቃሉ። እግሬን ከደረጃው አወረድኩ።

የአባቴ ደጅ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ውሻው አዲስ ነው፤ አላወቀኝም፤ ጮኸብን።

«ማነው?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ቀጥኗል፤ የአባቴ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። መሪጌታ ክርኔን ያዝ አድርገው፣ «ቁሚ» አሉኝ።

አባቴ ወጡ። ሸምግለዋል። መጀመሪያ ጥምጥሙን አዩ፤ ቀጥሎ ጋቢ የለበሰውን ሹፌር አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝና ዓይናቸውን መልሰው ወደ ጥምጥሙ ወሰዱ። ምንም አላሉም። ያንን ዝምታ አወቅሁት፤ ስንት ዓመት ከተማ ለከተማ የሸሸሁት እሱን ነው። አሁንም እግሬ ወደ መንገዱ ሊሮጥ ፈለገ። ቆምኩ።

«ቤት ለእንግዳ» አሉ በመጨረሻ፤ ለመሪጌታ ነው። «ግቡ፣ ተቀመጡ።»

ገባን። አልተቀመጥንም።